መስኮቱ ተዘግቶ ነበር

«መስኮቱን ከፍተሽ ነው ወይስ ዘግተሽ?»

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ናት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም ጠዋት ሳሎን ገብቼ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ አርፋ ሳያት ጥያቄው ከነድምፁ ይመጣብኛል።

ልጄን የወሰድኩት ሳል ይዞት ነበር። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠችና «ሳንባ ምች ነው» አለች። መድኃኒት ልትጽፍልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የልጄን እጅ ያዘች። አንጓውን በሁለት ጣቶቿ መሃል አድርጋ ቀስ እያለች ዳበሰችው። ከዚያ የሌላኛውን እጅ። ከዚያ ጣቷን ወደ ጎኑ ወሰደችና የጎድን አጥንቶቹን፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው፣ አንድ በአንድ እየነካች ወረደች። የእኔንም እጅ ይዛ እዚያው ቦታ ላይ አስነካችኝ። እብጥ እብጥ ያሉ ነገሮች ተደርድረዋል። ስምንት ወር ሙሉ ዘይት ስቀባው እጄ በየቀኑ ያለፈበት ቦታ ነው።

«ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አዎ ዶክተር፣ በየቀኑ።»

«የት?»

«ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ።»

ያኔ ነው መስኮቱን የጠየቀችኝ።

የሳሎኑ ፀሐይ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄ የተወለደው ሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ክርስትና እስኪነሳ 40 ቀን ከቤት አልወጣንም። ከዚያ ነሐሴ ነበር፣ ብርድና ጭጋግ። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ወጣች፣ እኔም ክትባት ስሄድ ነርሷ የነገረችኝን ማድረግ ጀመርኩ። ካርዱ ላይ እየጻፈች «የጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ነበር ያለችኝ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ በሷ አልፈርድም።

ሳሎናችን ወደ ምሥራቅ ያያል። 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወለሉ ላይ ብርሃኑ ምንጣፍ የተዘረጋ ይመስላል። እዚያ ላይ ትንሿን ፍራሽ አነጥፋለሁ። ልብሱን አወልቃለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ አንዴ በጀርባው አንዴ በሆዱ እያደረግኩ 20 ደቂቃ አሞቀዋለሁ። ቆዳው ይሞቃል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ከዚያ ጠብቶ ድብን ያለ እንቅልፍ ይተኛል። ከቀኑ ሁሉ የምወዳት ሰዓት እሷ ነበረች። መስኮቱን መክፈት ግን በሐሳቤም መጥቶ አያውቅ። ራቁቱን ያለ ልጅ ላይ ማን መስኮት ይከፍታል? እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ኧረ ምች እንዳይመታው» ትለኛለች፤ ፊት ለፊታችን ደግሞ ሕንፃ እየተሠራ ስለነበር አቧራው አያድርስ ነው። መስታወቱን በየሳምንቱ እወለውለው ነበር፣ ፀሐይዋ ጥርት ብላ እንድትገባለት።

ሐኪሟ በሁለት ደቂቃ ነው ያስረዳችኝ። ከፀሐይ የሚመጣው ሙቀትና ብርሃን ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ዲ ቆዳችን ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርገው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባል ጨረር ነው። ያ ጨረር ደግሞ በመስኮት መስታወት አያልፍም። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ እሱ ውጭ ይቀራል። ስምንት ወር ሙሉ ልጄ ሞቆታል፣ አጥንቱ ግን ምንም አላገኘም።

ምልክቶቹ ቤታችን ውስጥ ነበሩ። ሲጠባ ጭንቅላቱን ያልበው ነበር፣ ትራሱ እስኪረጥብ። እርግብግቢቱ ሰፊ ነበር። 11 ወር ሞልቶት አንድ ጥርስ አላበቀለም፣ ይዘነው እንኳ እግሩ አይጸናም። ስጨነቅ ጎረቤቶቼ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል፣ የወንድ ልጅ ነገር እንደዚህ ነው ይሉኛል፣ እኔም እጽናናለሁ። ተረቱ ሺህ ጊዜ እውነት ነው። ለልጄ ግን ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዛ የአንጓውን አጥንት ጫፍ አሳየችኝ። ጥርት ብሎ ማለቅ የነበረበት ጠርዝ ተፈትሎ የተበጣጠሰ ጨርቅ መስሏል፣ መሃሉ ደግሞ እንደ ሲኒ ጎድጉዷል። «ሪኬትስ ይባላል» አለችኝ። አጥንቱ እያደገ ነው፣ የሚያጠነክረው ካልሲየም ግን አልገባለትም፤ ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ካልሲየምን በደንብ አይወስድማ። የሳንባ ምቹም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል አለች። የጎድን አጥንቱ ሲለሰልስና ጡንቻው ሲደክም ልጁ አስሎ አክታውን ማውጣት ያቅተዋል።

ወተቴ ምን ጎደለው?

ያን ቀን ማታ ያላስተኛኝ የበሽታው ስም አይደለም። ልጄን ስድስት ወር ሙሉ በጡት ብቻ ነው ያሳደግኩት። ውሃ እንኳ አላስነካሁትም። ሁሉም እንደዚያ አድርጊ ብሎኛል፣ እኔም ያደረግኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው ብዬ አምን ነበር። ታዲያ ወተቴ ምን ጎደለው?

በማግስቱ ሐኪሟን ጠየቅኳት። መልሷን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም እንባዬን እስክጠርግ ጠብቃ ነው የመለሰችልኝ። «የሁሉም እናት ወተት እንደዚህ ነው» አለችኝ። በአንድ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ፣ ዩኒት በሚባለው የቫይታሚን መለኪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 በታች ነው። ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው 400 ዩኒት ነው፣ በሌላው መለኪያ 10 ማይክሮግራም። ልጅ ደግሞ በቀን አንድ ሊትር እንኳ አይጠባም። የእናት ወተት በሌላው በአብዛኛው ሙሉ ነው፤ ይሄኛው ግን ድሮም በወተት በኩል እንዲመጣ የታሰበ አይመስልም፣ ከቆዳ ነው የሚጠበቀው። ልጁ ከቤት ካልወጣ በጠብታ ይሰጠዋል። ጠብታው ደግሞ «ጡት ብቻ» የሚባለውን አያፈርስም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የቫይታሚን ጠብታና መድኃኒት ይፈቀዳል ይላል። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ብነገርም ኖሮ ከወተቴ ሌላ ነገር በአፉ አይገባም ብዬ እምቢ የምል ይመስለኛል።

እናቴ በበኩሏ ጥፋቱን ሌላ ቦታ አገኘችው። እርጉዝ ሆኜ ዐቢይ ጾምን ጾሜ ነበር፣ የንስሐ አባቴ «አንቺ አትገደጂም» ብለውኝ እያለ። «ብያለሁ!» አለች። ግን ምግብ በዚህ ጉዳይ ብዙ አያግዝም። አንድ እንቁላል 40 ዩኒት ገደማ ነው ያለው። የልጁን የቀን ድርሻ ለማግኘት አሥር እንቁላል ሊበላ ነው ማለት ነው። በደንብ ያለው እንደ ሳልመን ያለ ቅባታም ዓሣ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የእኛ ገበታ ላይ የለም። ይሄን ስነግራት እናቴ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ከነገረችኝ ሁሉ በላይ ረዳኝ።

አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ

ሆስፒታል በተኛንባቸው ሌሊቶች ስልኬ ላይ የማላነበው አልነበረም። አንዱ ታሪክ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን በሪኬትስ የተጎዱ ልጆች ሞልተው ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ ኩርት ሁልድሺንስኪ የሚባል ሐኪም እነዚህን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት ያክማቸው ጀመር። አጥንታቸው ሲድን በራጅ አየ። ከዚያ የልጁን አንድ ክንድ ብቻ መብራቱ ሥር አደረገ። የዳነው ግን ሁለቱም ክንድ ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በአንዱ ክንድ ቆዳ ላይ የተሠራው ነገር በደም ሄዶ ሌላኛውን ክንድ ካዳነ፣ በእኔ ቆዳ ላይ የሚሠራውም በእትብት ሄዶ ልጄ ጋ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ነገሩ የጀመረው ሳሎን ውስጥ አይደለም። ሆዴ ውስጥ እያለ ነው።

ታዲያ እኔ ያኔ የት ነበርኩ? ሥራ የምገባው 2 ሰዓት ተኩል፣ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል። ቢሯችን ቀንም በመብራት ነው የሚሠራው። በአራተኛው የእርግዝና ወር ፊቴ ማድያት ማውጣት ጀመረ። ማድያት ያወጣች ሴት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፣ «ከፀሐይ ሽሺ»። ሸሸሁ። ከታክሲ እስከ ቢሮ ጃንጥላ፣ ቅዳሜና እሁድ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ። ፀሐይ በሞላበት ከተማ ዘጠኝ ወር በጥላ ውስጥ አለፍኩ። የእርግዝና ክትትሌን አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ደሜ ተለክቷል፣ ግፊቴ ተለክቷል፣ አይረኑን ሳላቋርጥ ውጫለሁ። «ፀሐይ ታገኛለሽ ወይ?» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሕፃን ሲወለድ ያለው ቫይታሚን ዲ ከእናቱ ያነሰ ነው። የእናት ካዝና ባዶ ከሆነ ልጁ ይዞት የሚመጣው ስንቅ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንኳ አይበቃውም። እናቱ ምን ያህል ትውሰድ በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ አንድ አይደሉም። አሜሪካኖቹ ለእርጉዝም ለምታጠባም 600 ዩኒት ይላሉ፣ እንግሊዞቹ 400። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለሁሉም እርጉዝ በደፈናው አይመክርም፤ እጥረት አለባት ተብላ ለምትጠረጠር ግን በቀን 200 ዩኒት መስጠት ይቻላል ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የምታጠባ እናት በቀን 6,400 ዩኒት ከወሰደች ልጇ በወተቷ ብቻ የሚበቃውን እንደሚያገኝ አሳይቷል። ይሄን ሳነብ ዘልዬ ፋርማሲ ልሄድ ነበር። ሐኪሟ ናት የያዘችኝ፤ ለአዋቂ ከ4,000 በላይ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም።

እኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ «ትጠረጠራለች» የሚለው ቃል ላይ ነው የቆምኩት። ማን ነው የሚጠረጥረው? ቢሮ የምትውል፣ ጃንጥላ የምትይዝ፣ ተሸፋፍና የምትሄድ፣ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ካልጠረጠረ መቼ ሊጠረጥር ነው?

የእህቴ አምስት ጠብታ

እህቴ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው፣ ከእኔ በፊት ወልዳለች። ደውዬ ስነግራት «እንዴ! ጠብታ አልሰጡሽም?» አለችኝ። እዚያ ልጁ አንድ ሳምንት ሲሆነው ይጀመራል፣ በቀን አምስት ጠብታ፣ ሁለት ዓመት እስኪሞላው። የሕፃናት ጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል። ለእሷ ደግሞ ቆዳው ጠቆር ያለ ልጅ ከሁለት ዓመትም በኋላ ቢቀጥል ይሻላል ብለዋታል። የእኛ ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባል ቀለም ጨረሩን ስለሚያስቀር ያንኑ ያህል ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የስዊድን ክረምት ይታወቃል፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ስለምትል ቫይታሚን ዲ አትሠራም። ለዚያ ነው የተዘጋጁት። እኛ ግን ፀሐይ አለን ብለን ተቀመጥን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ እዚህ አልታወቀም ነበር ማለት አይቻልም። በ1997 እ.ኤ.አ ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ጥናት ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሳንባ ምች ይዟቸው የመጡ 500 ልጆችን ከሌሎች 500 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ሳንባ ምች ከያዛቸው ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ከሌሎቹ ውስጥ 20 ብቻ። ሌላ ሌላው ምክንያት ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ልዩነቱ 13 እጥፍ ነው። ይሄን ቁጥር ያነበብኩት ልጄ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት አጠገቤ ተኝቶ ነው። እሱም ከ210ሩ እንደ አንዱ ነበር። ጥናቱ ሲወጣ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

ሕክምናው በቀን 2,000 ዩኒት ለሦስት ወር ነበር፣ ከካልሲየም ጋር፤ ከዚያ በኋላ በቀን 400። ሦስት ወሩ ሲያልቅ እህቴ በሰው የስዊድኑን ጠርሙስ ላከችልን፣ አምስቱ ጠብታ 400 የሚሆነውን። ሲያልቅ አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ሌላ አመጣልን። እናቴ እንደለመደችው አምስት አምስት ጠብታ ትሰጠው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ማታ ጠርሙሱን መብራት ላይ አስጠግቼ የጀርባውን ጽሑፍ ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የዚህኛው አንዱ ጠብታ ብቻውን 400 ነው። ልጄ ሦስት ቀን አምስት እጥፍ ወስዷል። ፋርማሲ ስሄድ ደግሞ በጠብታ ሳይሆን በሚሊ ሊትር የሚለካ አገኘሁ፣ አንድ ሚሊ ሊትሩ 400። ሐኪሟ «በሦስት ቀን ምንም አይሆንም፣ ግን እንዳይደገም» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፣ ልጁ ያስታውከዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ ስለዚሁ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፣ ጠብታ መስጫው ከሚገባው በላይ ስለሚይዝ። የእኛ አገር ደግሞ ባሰበት፤ አንዱ መድኃኒት ከስቶክሆልም፣ አንዱ ከዋሽንግተን፣ አንዱ ከሰፈር ፋርማሲ ነው የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ልኩ የራሱ ነው።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልጨምር፣ «የጠዋት ፀሐይ» የሚለውን ሁላችንም ስለምንለው። ሐኪሟ «ጥላሽን እዪ» አለችኝ። ጥላሽ ከቁመትሽ በጣም ከረዘመ ያ ጨረር ገና አልደረሰም ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጥላዬ ከእኔ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። የሚያጥረው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሕፃን ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ከስድስት ወር በታች ያለውን ልጅ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ባያወጡት ይመረጣል፣ ለእሱ የሚያስተማምነው ጠብታው ነው። ለትልቁ ግን ውጭ፣ መስታወት በሌለበት፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ አድርጎ፣ ለጥቂት ደቂቃ።

ግቢ

እናቴ እኛን አምስታችንን ያሳደገችው ግቢ ባለው የጭቃ ቤት ነው። አንድ ቀን ልጄን ታቅፋ «እናንተን እኮ ማንም ፀሐይ አሙቂ አላለኝም» አለችኝ። ልብስ ስታጥብ በአጠገቧ ቅርጫት ውስጥ እንሆናለን። በርበሬ ስታሰጣ ጀርባዋ ላይ ነን። ቡና እንኳ የሚፈላው ደጅ ነው። እሷም ፀሐይ ላይ ናት፣ እኛም ፀሐይ ላይ ነን። ቤቱ ለልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ስለ ውሃው ተነጋግረናል፣ ስለ ደረጃው ተነጋግረናል፣ ስለ ታክሲው ተነጋግረናል። ከግቢው ጋር ምን እንደቀረ ግን ማን ያስበዋል?

ልጄ በአንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ሄደ። እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ነበር፣ አሁን እየተቃና ነው። ጥርሶቹ ወጥተዋል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ አርግዣለሁ። በመጀመሪያው ክትትል ቀን ነርሷ ከመጠየቋ በፊት እኔው ነገርኳት፣ የመጀመሪያ ልጄን፣ ቢሮዬን፣ ማድያቴን። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ ሐኪም ጋ ላከችኝ፣ ኪኒን ታዘዘልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴን አራስ ልጠይቅ ገባሁ። ሴት ልጅ ናት፣ ክርስትና ለመነሳት 80 ቀኗን እየጠበቀች ነው። ገንፎ ቀረበ። ልጅቷ መስኮቱ ሥር፣ ትንሽ ፍራሽ ላይ፣ ዘይት ተቀብታ ተኝታለች። መስታወቱ ዝግ ነው። እጄ ገንፎው ላይ እንዳለ ቆመ። ሐኪሟ እኔን የጠየቀችኝን ጥያቄ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ያ ጥያቄ እኔ ላይ እንዴት እንደወረደ አስታወስኩ። ስለዚህ ስለ እኔ አወራኋት። የእኔም ፍራሽ እዚያው ጋ እንደነበር፣ መስታወቱን እንዴት እንደምወለውለው። የጎረቤቴ እናትም ቡናውን አቁመው ሰሙ።

ስጨርስ ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ አደረገቻትና «ታዲያ ስንት ጠብታ ነው የምሰጣት?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ለሐኪሟ ንገሪ። ጠርሙሱን ስትገዢ ደግሞ ሳትከፍቺው ጥሪኝ» አልኳት። «አብረን እናነበዋለን።»